የሽንኩርት አንቀጽ

አዳማ፣ ሦስተኛ ቀን። ነፋስ ከኮረብታ
የጎረቤት አገር ባንዲራ ሲያማታ፣
እኔ ከአዳራሹ ጥግ፣ በመስታወት ሣጥን፣
ጆሮዬ ላይ ሁለት ቋንቋ፣ አፌ ላይ ትንሽ ሥልጣን፦
የሰው ቃል ማሻገር፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣
እንደ ውሃ ቀጂ፣ ሳልጠጣ፣ ሳላፈስ።

«አንቀጽ አሥራ አራት፣» አለ ሰብሳቢው፣
«ቶሎ የሚበላሽ ሸቀጥን የሚመለከተው።
በየኬላው ይመዘን? ወይስ አንዴ ይበቃል?»
አንዱ «ይጠና» አለ፤ አንዱ «ቃሉ ይጠብቃል»፤
(አጥብቃችሁም አላልታችሁም አንብቡት፣ ያው ነው፣
የሚጠብቀው ግን ከደጅ የቆመው ነው።)
ሌላው «ነጠላ ሰረዙ ከዚህ ወደዚያ ይሂድ»፤
ሰረዝ ሲጓዝ ዋለ፣ መኪና ሳይሄድ።
በዕረፍት ሰዓት የስም ካርድ ይለዋወጣሉ፣
«ወንድማማች ነን» ይላሉ፤ ሲቀመጡ ይረሳሉ።

ስልኬ ብልጭ አለ ከወረቀቴ ሥር፤
ወንድሜ ኢፋ ነው፣ ከጋላፊ ድንበር።
«እታለም፣ አምስት ቀን ሞላኝ። ከወዲህ መዘኑኝ፣
ከወዲያ ‹የእነሱ ሚዛን አይታመንም› አሉኝ።
ሙቀቱን ተዪው። ከመቂ የጫንኩት ሽንኩርት ቀንድ አወጣልሽ፤
እግር ቢያበቅልማ ብቻውን በተሻገረልሽ።»

ተወካዩ «ሸቀጡ» አለ፤ እኔ «ሽንኩርቱ» አልኩ።
በሠላሳ ጆሮ ገባ። ሳቁ። ላብ በላብ ሆንኩ።
የወደቡ አገር ሰው፣ ፂሙን ሂና የነከረው፣
ማዳመጫውን አውልቆ ከጠረጴዛው አኖረው፤
ወደ መስታወቴ ዞሮ፦
«የማን ሽንኩርት?» አለ።

ሦስት ቀን ሙሉ ይህን የጠየቀ አልነበረም።
ውሃ ቀጂዋ አፈሰስኩ፤ አንዲት ጠብታ አልቀረም፦
ኢፋን፣ አምስቱን ቀን፣ የባንክ ዕዳውን፣
የመኪናውን ታርጋ ሳይቀር።

ከሰዓት አንቀጹ ጸደቀ፤ ሰረዙም ቦታ ያዘ፤
አንዱ የመዘነውን ሌላው ሊያምን ቃል ተያዘ።
ለሚመጣው ጉባኤ ከተርጓሚዎች ዝርዝር
የእኔ ስም ተሰረዘ።

ማታ ከፍራንኮ በባጃጅ ስመለስ፣ አቧራ ከአፌ ሳይወጣ፣
ደወልኩለት። «ተፈረመ!»
«እዚህ ግን አልመጣ፣»
አለኝ፤ «የኬላው ሰው ‹ወሬ ነው› ይላል፣
ማህተም ያለበት ሲደርሰው ያምናል።
ይልቅ ስሚኝ፦ ሮብሌ የሚባል፣ የማዶ አገር ሾፌር፣
ሩዝ ጭኖ ወደ እኛ ሲመጣ እንደኔው ታግዶ ነበር።
ከተቀደደ ጆንያ ሩዝ ዘግኖ ሰጠኝ፣
እኔም ሽንኩርት፣ ከነቀንዱ።
ከመኪናው ጥላ ሥር ድስት ጣድን።
ስንት ኪሎ በስንት ኪሎ እንዳትዪኝ፤
ሚዛን የለን፣ በእፍኝ ሰፈርን።
እስካሁን የተከራከረ የለም።»