የሙኪ ጾም

ግራዝ፣ እኩለ ሌሊት፣ ሙር ወንዝ ሲያንኮራፋ፣
ሙኪ ነው የነቃ፣ እንቅልፉ የጠፋ።
መዳፉን ይልሳል፣ እስኪቀላ ድረስ፤
ጆሮውን ይፎክታል፤ ከዚያ ደግሞ መላስ።

እኔ ቁንጫ መስሎኝ ማበጠሪያ ገዛሁ፤
ሳሙና ቀየርኩኝ፣ ምንጣፍ ሁሉ አጠብሁ።

ሐኪሟ ዋልትራውድ ጆሮውን ገልጣ አየች፣
«ምንድን ነው የሚበላው?» ብላ ቀና አለች።
«ዶሮ!» አልኩ በኩራት፣ «በእጄ የቀቀልኩት፣
እኔ ዳቦ በልቼ ለእሱ ያቆየሁት።»
ዝም አለች። ገባኝ ያኔ። በገዛ እጄ ኖሯል፤
ያጎረስኩት ፍቅር ቆዳው ላይ አብቧል።

ስምንት ሳምንት፣ አንድ ሥጋ፣ ቀምሶት የማያውቀው፤
ፈረስ ከድንች ጋራ፣ ከዚያ ውጭ ነውር ነው።
ብስኩቱ ታገደ፣ አጥንቱም ተጣለ፣
የጥርስ ሳሙናው እንኳ፣ ዶሮ ዶሮ ስላለ።
ሃምሳ ስድስት ቀን ነው፣ ሁዳዴን በአንድ ያልፋል፤
ሙኪ ፈረስ እየበላ ከእኔ ይልቅ ይጾማል።

በአምስተኛው ሳምንት ዳግም ቀላ መዳፉ።
ፍራው ሄድቪግ ናቸው፣ ደረጃው ላይ ሲያልፉ፣
ከካፖርታቸው ኪስ ቋሊማ የሚያወጡ፣
«ምስኪን፣ ከሳብኝ» ብለው በስውር የሚሰጡ።

ምን ልበል? ሰማንያ አልፏቸዋል፣
ስልክም አይደወልላቸው፤
ከሙኪ በቀር በር ላይ
ማን አለ የሚጠብቃቸው?
ድንች አድርቄ፣ ቆራርጬ፣
ብልቃጥ ሞልቼ ሰጠኋቸው።
«ከዚህ ይስጡት» አልኩ። ብልቃጡን
አዩት፤ ሳሉ፤ ከተቱት ኪሳቸው።

ትናንት ሌሊት ድምፅ የለም።
እኔ ግን ነቅቻለሁ፤
ያ መላስ ቀረ ብዬ
ጆሮ እየጣልኩ አለሁ።