ቃለ ጉባኤ

ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ከዛፎቹ ጥላ ዳር፣
መዝጊያው በተቀረቀረ ክፍል አምስት ሆነን ነበር።
ሙቀቱ ወረቀት ያጥፋል፤ ደብተሬ ክንዴ ላይ ይጣበቃል፤
ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ የተባለው ሁሉ በእኔ ጽሕፈት ያልቃል።

ሦስት ሌሊት ተከራከርን በአንዲት ቃል፦
«ላብ አደር» ነው ወይስ «ወዝ አደር» የሚባል?
ቀለመወርቅ «ላብ» ብሎ መጽሐፉን ገለጠ፤
ጉርሜሳ «ወዝ!» ብሎ ጠረጴዛውን ቀጠቀጠ።
ነጂባ በመሐላቸው፣ በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣
የቃሉን ሥር አወጣች፤ ሰማናት እንደ ዳኛ።

ሮብሌ ከጥግ ነበር፣ ከሽመንደፈር የመጣው፣
ክበቡ ያለ ሠራተኛ እንዳይባል የጠራነው፤
ግራሶ ከጥፍሩ ሥር፣ የሌሊት ፈረቃ ዓይኑ ላይ፣
ያንቀላፋል፤ ይባንናል፤ ያዳመጠ መሳይ።
በሦስተኛው ሌሊት፣ እንደ ተማሪ፣ ጣቱን አወጣ፦
«ላብ በሉት ወዝ በሉት፤ ከእኔው ገላ ነው የወጣ።
ግን ፎርማኑ የቆረጠብን የሁለት ሰዓት ሒሳብ፣
በየትኛው ነው የሚመለስ?» አለ፤ ያለ ምዕራፍ፣ ያለ ንባብ።

ዝም አልን።
ቀለመወርቅ ጉሮሮውን ጠርጎ «ጥያቄው ጠባብ ነው» አለ።
ጉርሜሳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «እስማማለሁ» አለ።
እኔም ጻፍኩ፦ «አንድ ጓድ አስተያየት ሰጠ፤ ለሚቀጥለው ተላለፈ።»
ስሙን አልጻፍኩም። ለጥንቃቄ ነበር። ጥንቃቄውም አለፈ።

በሳምንቱ ጋራዡ ቆመ፤ ፉጨቱ ቀረ፤ ባቡሩ አልተነሣ፤
እኛ ገና በስቴንስሉ ላይ ርእሱን ስንጥል ስናነሣ።
ደቻቱ እንዲህ ነው፤ ድሬ ጠብታ ሳያይ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣
ደንገጎ የዘነበው ይደርሳል አሸዋውን ሞልቶ።
እኛ ደመናን ከመጽሐፍ ስንቆጥር፣
እነሱ ጎርፉን ሰሙት፣ ጆሯቸው ከምድር።

ሮብሌን ሲይዙት ከኪሱ የወጣው የእኛ ወረቀት ነው፤
«ላብ አደር» ይላል፤ ቀለመወርቅ በአንድ ድምፅ የረታው።
አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደሉን አይለይም ነበር።
ዓመት ሙሉ አብረን ስንቀመጥ የጠየቀው አልነበረም፤
እኔም።

ነጂባ ብቻ፣ በኋላ፣ መጋላ ቤቱ ድረስ ሄዳ፣
ልጁን ሀ ሁ አስቆጠረች፣ ቁጭ ብላ ከበረንዳ።
ከዚያ ሁሉ ክርክር ምን ተረፈ ለሚለኝ፣
እሱን ነው የምነግረው። ሌላው አይታየኝ።

ደብተሩ ዛሬም አለ፤ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል።
«አንድ ጓድ» ከሚለው በላይ፣ በእርሳስ፣ «ሮብሌ» ተጽፏል።
ቀጥሎ ባዶ ቦታ ትቻለሁ።
የአባቱን ስም አላውቅም።