ሲነሳ ያስላል

ከገላን ወዲያ፣ ዋልካው ጎማ በሚውጥበት፣
የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን በጥፊ በሚልበት፣
አንድ የጦር ጋራዥ አለ፤ በሩ ላይ ዘብ፣ ውስጡ የናፍጣ ሽታ፤
እኔ ጥግ ላይ ከመዝገብ ክምር ጋር፣ ከጠዋት እስከ ማታ።

የአሥራ አንድ ዓመት ጥገና፤ አይጥ የበላው ዳር፣ ግሪስ የጠጣው ገጽ፣
ወደ ኮምፒውተር አስገቢ ተብዬ፣ ቅጽ በቅጽ።
ሰሌዳ። ቀን። ብልሽት። የተቀየረ ዕቃ። ፊርማ።
«ፓምፕ ተቀየረ፤ ይሠራል።» «ፓምፕ ተቀየረ፤ ይሠራል።»
ይሠራል ካሉ፣ ታዲያ በወሩ ለምን ይመለሳል?

ሻምበል ባሻ ወልደሰንበት ግን በቅጽ አያምኑም፤
ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምንም አይሉም፤
ከዚያ በኮፒያ እርሳስ፣ ከሳጥኑ ውጭ፣ ኅዳጉ ላይ፦
«ሲነሳ ያስላል።»

«ዝለይው» አለኝ አለቃዬ፤ «ሳል ኮድ የለውም።»
እኔ ደግሞ የሽማግሌ ቃል መርገጥ አልለመደብኝም፤
አንድ ባዶ ዓምድ ጨመርኩ፣
ስሙን «ወሬ» አልኩ።

አንድ ከሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣
«ያስላል» ብዬ ፈለግኩ፤ ሃያ ሦስት መኪና ወጣ።
በቀን ደረደርኳቸው፦ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጥቂት መስከረም፤
በበጋ የሳለ አንድም የለም።
በዕድሜ ደረደርኳቸው፦ አሮጌውም፣ አዲሱም።
ናፍጣ በቀዱበት ስደረድር ግን፣ ሁሉም
አንድ ታንከር ሥር ተሰለፉ፦
ከአጥሩ ጥግ የተቀበረው፣ ቁጥር ሁለት።

ባሻ ጠርሙስ ሞልተው ወደ ብርሃን ያዙት።
ናፍጣው ከላይ፣ ውኃው ከታች፤
አንድ ቤት ውስጥ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት።
ዝም አሉ። ቆዩ።
«ልጄ፣ እኔ ስሰማ የኖርኩት የመኪናውን ደረት፤
ለካ በሽታው ከሚጠጣው ኖሯል! አሥራ አንድ ዓመት!»
ሊስቁ ነበር፤ ተዉት።

የታንከሩ ክዳን ተቀየረ። ክረምት ገባ፤ አልተሰማም ሳል።
አለቃዬ ሪፖርቱ ላይ «ሲስተሙ ለየው» ብሎ ጽፏል።

እኔ ግን ማታ ማታ አንድ መስመር እከፍታለሁ፦
ሰሌዳ 0417፤ ነሐሴ ዘጠኝ፤ ዳገት ላይ ቆመ፤ ፓምፕ፤ ተጎትቶ መጣ።
የነዳው ላንቃሞ ነበር ይላሉ።
የመጣው መኪናው ብቻ ነው።
ለሾፌር ስም ቅጹ ላይ ሳጥን የለም፤
«ወሬ» ካልኩት ዓምድ ሥር ጻፍኩት።
«ያልታወቀ ቃል» አለኝ ማሽኑ፣ በቀይ አስምሮ።
«አስቀምጥ» የሚለውን ተጫንኩ።