የደላል የቤት ሥራ

ሳልሚያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባሕር ዳር ነው ቤቱ፣
የጨው ሞራ ለብሷል እንደ ዓይን መስኮቱ።
ካውያ ይዤ ቆሜ ነጭ ዲሽዳሻ ላይ፣
ደላል መጣችብኝ ደብተሯን ልታሳይ።

(አሥር ዓመቷ ነው። ስሟን በጠራሁ ቁጥር
የባቲው ደላላ ፊቴ ላይ ሲገተር።
በእነሱ ቋንቋ ግን መሞላቀቅ ነው አሉ፤
ስሞችም ባሕር ሲሻገሩ ሌላ ሰው ይሆናሉ።)

"አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ብዙ ትርጉም ያለው፣
አምስት ዓረፍተ ነገር ልጽፍበት ነው።"
ቼይስ አለች ቃሉን። እኔማ ቼዝ መስሎኝ
የአባቷ ሰሌዳ፣ ፈረሱ ከነንጉሡ ፊቴ ድቅን አለኝ።
ሳቀች። "አይደለም!" ብላ ተነሥታ ሮጠች፣
ድመቷን በሳሎን ዙሪያ አባረረች፤
ከሶፋው ሥር ገብታ ጅራቷ ብቻ ሲቀር
"ይኼ ነው" አለችኝ፣ "አንደኛው ዓረፍተ ነገር።"

ሁለተኛው የአባቷ ነው፤ ብርድ ሲገባ በረሃ ወርዶ
ጭልፊቱን ከክንዱ ለሑባራ ሰዶ
በላንድክሩዘር አቧራውን ሲከተል።
ጻፈችው። ለወፏም ክንፍ ሠራችላት፣
ከመስመሩ በላይ፣ የምታመልጥ ያህል።

ሦስተኛው ፖሊስ ነው፣ ሌባ የሚያባርር፤
መብራቱን ቀይ ቀባችው፣ ሰማያዊ በዳር።
እኔን ዘምዘም ታየችኝ፣ ማንጋፍ፣ በሌሊት፣
ፓስፖርቷን ለማዳም መሳቢያ ትታለት
በነጠላ ጫማ አስፋልቱን ስታቋርጥ።
ይኼን አልነገርኳትም።
ካውያውን አነሣሁት፣ ኮሌታው ሊቃጠል ሲል።

አራተኛው ገረመኝ። መምህሯ ናት ያለቻት፤
ወርቅም ላይ ይሠራል፣ ቅርጽ ሲያወጡለት።
ሙባረኪያ ገበያ፣ ከመስተዋት ጀርባ
አንድ ሽማግሌ ሕንዳዊ አምባር ላይ አበባ
በትንሽ መዶሻ ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ
የማዳምን ዘንቢል ይዤ አይቼዋለሁ።
ወርቁ አይሸሽም፣ ሰውየው አይሮጥም፤
እንዴት ነው ይኼስ ማባረር?

"አምስተኛው ቀረኝ፣ ካንቺ አገር ስጪኝ፣
በእናንተ ምን ይባላል?" ብላ ተለማመጠችኝ።

"አሳደደ" አልኳት።
ካልኩ በኋላ ግን ቃሉ መች አበቃ፤
ክሩን አንዴ ከሳቡት ሹራብ ሳያልቅ አይበቃ።
ሰደደ፦ ላከ፣ ለቀቀ፤ ጥጃን ወደ እናቱ፣
ገንዘብን በወር መጨረሻ ከሐዋላ ቤቱ።
ሰደድ፦ ክረምት ሳይገባ ገደል የሚልስ እሳት።
ስድ፦ እናት ያልቀጣችው፣ ሜዳ የለቀቁት።
ሥር ሰደደ፦ የቆየ ዛፍ፣ የቆየ በሽታ፣ የቆየ ዕዳ።
እጁን ሰደደ፦ ይኼኛውን አልፈታሁላትም፣ ልጅ ናት።
ተሰደደ፦ አገሩን ትቶ ወጣ።
እኔ ነኝ።

አባቴ የበሬውን ዋጋ ለደላላው ሲቆጥር
አክስቴ ጦይባ ከበሩ ቆማ ነበር፤
"ሰዶ ማሳደድ ካማረህ" አለችው፣ "ዶሮህን በቆቅ ለውጥ።"
ዶሮ መች ነበረን፤ በሬ ነው የለወጥን፤
ቆቋ እኔ ልሁን ገንዘቡ፣ እስከ ዛሬ አልለየን።

ደላል እርሳሷን ነክሳ ቆየችና፦
"አሳደደ ማለት አባረረ ከሆነ፣
ተሰደደም ከሱ ከመጣ፣
ማነው አንቺን ያባረረሽ?"

ዞር አልኩ። ከኋላዬ
የልብስ ማጠቢያው ነው፣ ሲንቀጠቀጥ።

"ማንም" ልል ነበር። ከፊቴ ነው የሚሮጠው፦
ሠላሳ ሉህ ቆርቆሮ፣ የወንድሜ ባጃጅ፣
ደረስኩበት ስል ሁልጊዜ
በአንድ ደሞዝ የሚቀድመኝ።
የሚያሳድድና የሚሳደድ አንድ መንገድ ይሮጣሉ፤
ከሩቅ ላያቸው ሰው፣ ጓደኛ ይመስላሉ።

ደላል ግን ጽፋለች፦ "አንሻ ተሰደደች።"
ሐሙስ ደብተሩ ተመለሰ። አራቱ ትክክል፤
ከአምስተኛው ጎን በቀይ፦ "በማን?"

ወጥ ቤት ይዛው መጣች። ዓሣ እያጸዳሁ ነው፣
ክንዴ ድረስ ቅርፊት።
"በማን እንበል?"
ክፍት ቦታው ጠባብ ነው፣ አንድ ስም ብቻ ይይዛል።
"ነገ" አልኳት፣
ቧንቧውን ከፈትኩት።