ከነጥቡ በፊት

ታኅሣሥ ነው በሰሜን፤ ፀሐይ ተራራውን አትወጣም፣
ቀኑ ሰማያዊ ነው፤ ነግቶም አይነጋም።
እኔ ኦድቫር፣ ጡረተኛ የመርከብ መሪ፣
ምድር ቤት ተቀምጬ የሌለ አውሮፕላን አብራሪ፤
ጠረጴዛዬ አሮጌ በር፣ ከልጅ ልጄ የወረስኩት መቀመጫ፣
ስክሪኑ ብቻ ሆኖልኝ ከጨለማው ማምለጫ።

ዛሬም ያው ችግር ነው፤ ሦስተኛ ሌሊቴ፣
ታጠፍ ብለው እምቢ አለኝ፣ አውሮፕላን በገዛ ቤቴ።
መንገዱን ነጥብ በነጥብ ሰፍቼ፣
ከቦዶ ተነስቼ፣ ደሴቶቹን ቆጥሬ፣ ፊዮርዱ ገብቼ፣
ሐምራዊው መስመር ይታየኛል ጥርት ብሎ፤
እሱ ግን ቀጥ ብሎ ይነዳል፣ ተራራውን ሊገጭ ቸኩሎ።
«ታጠፍ!» እለዋለሁ፣ ሰው እንዳለ ከጎኔ፤
ቦርግሂል ከላይ ሆና፣ «ለማን ነው?» ትላለች፣ «ለእኔ?»

በመጀመሪያው ሌሊት ጥፋቱን ያገኘሁት
በአንዲት ትንሽ ቁልፍ ነው፣ ረስቼ በተውኋት።
ጂፒኤሱ ይናገራል፤ አውቶፓይለቱ አይሰማው፣
ጆሮው ለድሮው ሬዲዮ ነው፤ ማን ይንገረው?
ሁለት ሰው በአንድ ቤት በየግሉ እንደሚያወራ፣
አንዱ ቀኝ ሲል፣ ሌላው ይነጉዳል ወደ ግራ።
ቁልፏን ገለበጥኳት፤ ተስማሙና ሄዱ፤
ደስታዬ አለቀ፣ አራተኛው ነጥብ ሲደርስ መንገዱ።

ሁለተኛ ሌሊት ሌላ ጉድ ገጠመኝ፤
ነጥቡ ገና ከፊት ሳለ፣ ክንፉን አጋድሎ አስደነገጠኝ።
ማይል ሲቀረው ዞረ! ማዕዘኑን ቆረጠ፣
እንደ ሰነፍ ተማሪ በአጥር ሾልኮ ሮጠ።
«ሌባ!» አልኩት። ነጥብ አይደለም እንዴ የሚረገጥ?
ሳይነኩት መታጠፍ በምን ይሻላል ከማምለጥ?

መመሪያውን ከፈትኩ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣
ገጽ በገጽ ሄድኩበት፣ የቀዘቀዘ ዓሣዬን ወዲያ አድርጌ፤
«ነጥብ ሁለት ዓይነት ነው» ይላል በደቃቅ ጽሑፍ፣
«አንዱ ረግጠው የሚዞሩት፣ አንዱ በስተጎን የሚታለፍ።
ፈጣን ነገር ቀድሞ ይዙር፤ ካልቀደመ አልፎ ይሄዳል።»
ይሄን ለማወቅ ለእኔ፣ መቶ ሰባ ገጽ ያስፈልጋል?

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ባሕር ስመላለስ፣
መቼ ጠበቅሁ፣ አፍንጫዋ ከባሕሩ መብራት እስኪደርስ?
አርባ መኪና ጭና፣ በግ፣ አንዴም የሬሳ ሣጥን፤
ከባድ ነገር ቶሎ አይሰማም፣ ለመታዘዝ ይወስዳል ጊዜውን።
ስለዚህ ቀድሜ እዞራለሁ፣ መብራቱ ገና ከፊቴ ሳለ፣
ጀማሪው ሃልቮር «ገና ነው!» እያለ፣ እየማለ።
አንድ ቀን «እንግዲያ ነጥቡ ላይ ዙር» አልኩት፤
ዞረ። የመርከቧን ቀለም ድንጋዩ ላይ አገኘሁት።
ዛሬም አለ፣ ነጭ መስመር፣ ቁመቱ የአንድ ሰው፤
ሃልቮር ባለፈ ቁጥር ባርኔጣ ያነሳል፣ ሰላም ሊለው።

ዛሬ ማታ ይቅርታ ጠየቅሁት ሌባዬን፤
ቀድሞ ሲዞር አልጮህኩም፣ ያዝኩ አፌን።
ግን ከፊዮርዱ አፍ ላይ እንደገና ሾልኮ ወጣ፣
መስመሩን አልፎ ተመለሰ፣ ተመልሶ አለፈ፣ ደመወዝ ቀን እንደጠጣ።
ሰባቱ እህትማማች ተራሮች፣ ከመስኮቴ ውጭ የቆሙት፣
በስክሪኑም ቆመዋል፣ ክንፌን በእጃቸው ሊነኩት።
ፍጥነቱን አየሁ፦ ሁለት መቶ አርባ። ነፋስም ከጀርባ።
በዚህ ሩጫ ማን ይታጠፋል፣ በጠባብ ደጅ ሊገባ?
ጋዙን ቀነስኩ። መቶ ሃምሳ። ፍላፕ ጥቂት አወረድኩ፣
እጄን አነሳሁና እንደ ተሳፋሪ ተደገፍኩ።
ነጥቡ ቀረበ፤ አልደረሰም፤ ክንፉ ዝግ ብሎ አጋደለ፣
ሐምራዊው መስመር ከሆዱ ሥር ገብቶ ተስተካከለ።

ቦርግሂል ወረደች፣ በሹራብ ተጠቅልላ፤
«ቤታችን የታለ?» አለች፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ጥላ።
ፈለግን። ቤቱ የለም። በቦታችን ጥድ ቆሟል፤
ሠሪው አላየን ይሆናል፣ ወይ ከጫካ ቆጥሮናል።
ስንፈልግ፣ ስንስቅ፣ ከፍታ መቀነስ ረስቼ፣
ማኮብኮቢያው ከሥሬ አለፈ፣ እኔ አራት ሺ ጫማ ላይ ተጎልቼ።
አውቶፓይለቱ ምን አጠፋ? የተባለውን ይዟል።
ውረድ ያላሉት ነገር፣ በራሱ መቼ ይወርዳል?

«ዙርና እራትህን ብላ» አለች። መሪውን በእጄ ያዝኩት፤
ነጥብ የለ፣ መስመር የለ፤
ትንሽ ቀደም ብዬ አዞርኩት።