የባሕር ላም ትታለባለች?

ጫማሽን አውልቂ፣ ረምላዬ ቶሎ ነይ፣
ባሕሩ ከቤት ወጥቷል፣ ወለሉን እንድናይ።
በቀን ሁለት ጊዜ ጨረቃ ስትስበው
ወጥቶ ይመለሳል፤ ቀጠሮ አክባሪ ነው።

እኔ አል ኾር ወደብ ላይ፣ ጎሕ ሳይቀድ ቆሜ፣
ለሞተ ዓሣ በረዶ ስደርብ ከርሜ፣
ኪሎውን አውቃለሁ፣ ዋጋውን አውቃለሁ፤
ሕይወቱን ግን ገና ካንቺ እማራለሁ።

ቋንቋችን ደገኛ ነው፣ ባሕር አያውቅ ከቶ፣
ይህን ሁሉ ፍጥረት «ዓሣ» ብሎት ትቶ፤
ዐረቡ ሐሙር፣ ሳፊ፣ ሻዕሪ፣ ከንዓድ ሲል፣
እኛ «ዓሣ»፣ «ሌላ ዓሣ»፣ «ያኛውም ዓሣ» ስንል።
ስም የምታወጪላቸው እንግዲህ አንቺ ነሽ፤
ሰባት ዓመት ሞልቶሻል፣ ማን ይከለክልሽ?

ዓይኑን ዘንግ ላይ ሰቅሎ፣ በጎን እየበነነ፣
ሸርጣን ይባል የነበር «አቶ ጎንዮሽ» ሆነ፤
ኮቴያችንን ሰምቶ አሸዋ ተከደነ።

ውሃ ጥሏት የሄደ፣ መስተዋት የመሰለች፣
«የማንም ጃንጥላ» አልሻት፤ አትንኪያት፣ ትለበልባለች።
አጥንት የላት፣ አንጎል የላት፣ ልብም አልሠሩላት፤
ከዳይኖሰር ቀድማ ስትዋኝ ግን ማን አያት?

ያ ደግሞ ማንግሮቭ ነው፤ ሥሩን እንደ እርሳስ
ወደ ላይ የተከለ፣ ጭቃ ውስጥ ሊተነፍስ።
ጨዉን ይጠጣና በቅጠሉ ያልበዋል፤
«እንባ ነው?» አልሽ ቀምሰሽ። ላብ ነው፤ ሠርቶ ያድራል።
ከሥሩ መሃል ደግሞ፣ ጥፍር የሚያካክሉ
የነገ ሐሙሮች ተደብቀው ያድጋሉ።

ከዚያ ወዲያ ማዶ፣ ሰማያዊው ሲጠቁር፣
የባሕር ሣር አለ፣ እንደ መስክ የሚያምር፤
እዚያ ነው የምትግጥ፣ ዝግ ብላ፣ የባሕር ላም፣
ቀንድ የላት፣ እረኛ የላት፣ ጅራቷ ዓሣ ቢመስልም።
መንጋዋን ያየ አለ፣ አንድ ብርዳም ማለዳ፣
ሽማግሌው ጁምዓ፣ የጀልባው ናኹዳ፤
ሁለት መቶ ሲደርስ ተሳሳተ ቆጠራው፤
ሞተሩን አጥፍቶ ዝም ብሎ ቆየ፣ እንዳያስፈራው።

«ትታለባለች ወይ?»
                ጉድ ነው ያንቺ ነገር!
ስድስት ዓመት እዚህ ስኖር ይህ ጥያቄ አልመጣልኝም ነበር።
ታጠባለች፣ ልጄ፣ ጥጃዋን ውሃው ሥር፤
የሚያልባት ግን የለም፤ ማን ግሬራ ይዞ ጨው ውስጥ ይደፍር?

ያን የመረብ ቁራጭ ከጭቃው ጎትተሽ
ወደ ቤት ወሰድሽው፣ ጫማሽ ውስጥ ወሽቀሽ፤
«ላሚቱ እንዳትጠለፍ» አልሽኝ፣ ስጠይቅሽ።
ከኋላችን ውሃው፣ ሳይቸኩል፣ ሳይዘገይ፣
ገባ ተመልሶ በእግራችን ዱካ ላይ።

ዛሬ ጎሕ ሳይቀድ፣ በረዶ እየደፋሁ፣
አንዱን ሐሙር፣ አፉ እንደተከፈተ፣ አየሁ።
ድሮ «ስንት ኪሎ ነህ?» ብዬ ነበር የማልፈው፤
ዛሬ ግን አካፋዬን አቁሜ ጠየቅሁት፦
«አንተስ ያደግህ ከየትኛው ዛፍ ሥር ነው?»