አፉን ሲዘጋ

የመሣሪያ ሱቅ ነው፤ ዊኒፔግ፤ ጥር ወር፤
በረዶው ቀድሞኝ ገባ በበር።
ኮቫልቹክ፣ ባለሱቁ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
ሦስት ካሊፐር ዘረጋልኝ፣ «ምረጪ» ብሎ።

ዲጂታሉ ቁጥሩን ቦግ ያደርጋል፤
ብርድ ሲነካው ግን ባትሪው ይሞታል።
ባለሰዓቱ ያምራል፤ መርፌው ይሽከረከራል፤
የሜፕል ብናኝ ጥርሱ ውስጥ ሲገባ ይዘላል።
ቬርኒየሩ ባትሪ የለው፣ መርፌ የለው፤
ጭረት ብቻ ነው፣ ዓይን ላለው።

«አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» ይላል ሰው፤
ካሊፐርን ግን አፉን ሲዘጋ ነው የምለየው።
መንጋጋቸውን በየተራ ገጥሜ
አምፖሉ ላይ አነጣጠርኩ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቆሜ።
ከዲጂታሉ ከንፈር ብርሃን ሾለከ፣ ክር አክሎ ተስቦ፤
ቁጥሩ «ዜሮ» ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ!
ባለሰዓቱ ትንሽ አመነታ።
ቬርኒየሩ ገጠመ። ጨለማ። ጸጥታ።

ልክማ አምናም ነበረኝ፤ በጥር የሠራሁት
የማዳም ቱርኮት መሳቢያ፣ ጸጉር ያላሳለፍኩበት፣
ሐምሌ በወበቁ መጣና እንጨቱ ጠጥቶ አበጠ፤
ከነመድኃኒቷ ነክሶ ያዘ፣ ተቆለፈ፣ አፈጠጠ።
ካሊፐሩ አልዋሸም፤ እንጨቱም አልዋሸ፤
መተንፈሻ የነፈግኩት እኔ፤ በኔ ተበላሸ።

ቬርኒየሩን ገዛሁ። ፌርማታው ጋ ጓንቴን አውልቄ
የአውቶቡስ ካርዴን ለካሁ፣ ጭረትን ከጭረት አስታርቄ፦
ዜሮ ነጥብ ሰባት ስድስት።
ይህቺን ታህል፣ ለሐምሌ፣ ልተውለት።